ከገሳይ እስከ ሉብሊያና፦ ትልቅ ሰው ማስቆም

ጥቅምት፣ ከደብረ ታቦር

ከደብረ ታቦር የተነሣሁት ጥቅምት ሲጋመስ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሄድሁበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስሜ ስመኝ ይባላል፤ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አውሮፓ ውስጥ ያሉ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው የኑክሌር ምሕንድስና ሥልጠና ይሰጣሉ፤ እኔም ተወዳድሬ ተመረጥሁ። ቪየና ላይ ትምህርት፣ ፕራግ ላይ ተግባር፣ ሉብሊያና ላይ ደግሞ ሌላ ተግባር ነው። የተግባር ፈተናውን ያለፈ ሰው ለዶክትሬት ምርምር ቦታ ያገኛል፤ ያላለፈ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። ለዓመታት ስለ አቶም ያስተማርሁት በጠመኔና በሰሌዳ ነበር። ያላየሁትን ነገር እንዳየ ሰው ማውራት አንገፍግፎኛል። ስለዚህ ሬአክተር የሚሉትን የኑክሌር ማብላያ በዓይኔ ሳላይ፣ በእጄ ሳልነዳ አልመለስም ብዬ ነው የወጣሁት።

ሻንጣውን ያዋሰችኝ ታላቅ እኅቴ ብርቱካን ናት። አምስት ዓመት አረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ አሁን ደብረ ታቦር ላይ ልብስ ትሸጣለች። መናኸሪያው ድረስ ሸኘችኝ።

«አውሮፕላን ጣቢያ ስትደርሽ እንደ ገበሬ ልጅ እንዳትደነግጪ» አለችኝ።

«የገበሬ ልጅ አይደለሁም እንዴ እታለም?»

«ነሽ። ግን ለፈረንጁ ምን ቸገረሽ፣ አትንገሪው።»

አባቴም ከትውልድ ቀዬዬ ከገሳይ በማለዳ አይሱዙ ተሳፍረው መጥተው ነበር። አባቴ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ግንባሬን ሳሙኝና፣ «ድሮ ፈረንጁ ነበር ጋፋት ድረስ መጥቶ መድፍ የሚሠራ፤ አሁን ደግሞ አንቺ ሄድሽ። በይ፣ የወጣሽበትን ይሙላልሽ» አሉኝ። ዞር ብለው ሲሄዱ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያነሡ አየሁ፤ ብርዱ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልሁ።

ሾፌሩ መንገዱ ክፍት መሆኑን በስልክ አጣርቶ ተነሣን። ዓለም በርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ። የፎገራ ሩዝ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ወረታ ላይ ሽሮ በልተን ወደ መኪናው ስንመለስ አጠገቤ አንዲት የይፋግ ነጋዴ ተቀመጡ፤ የበርበሬ ከረጢታቸው ሁላችንንም ያስነጥሰናል።

«የት ልትሄጂ ነው ልጄ?»

«አውሮፓ። ኑክሌር ልማር።»

«ቦንቡን?»

«ኧረ አይደለም እማማ። መብራት ይሠራበታል፤ ለካንሰር ሕክምናም ይሆናል።»

ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ለወገቤም የሚሆን ካለ ጠይቂልኝ» አሉ። ባሕር ዳር እስክንደርስ ስለ ወገባቸው አወራን። ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቪየና ገባሁ።

ቪየና

ካልሞላ የማይነሣ ሚኒባስ የለመድሁ ሰው፣ ባዶ ትራም በሰዓቱ ሲነሣ ሳይ ለሾፌሩ አዘንሁለት። ክፍል የተጋራሁት አግነስ ከምትባል የሃንጋሪ ልጅ ጋር ነው። ረጅም፣ ሣቂታ፣ እንቅልፍ የምትወድ ልጅ ናት። የኔን በርበሬ አንድ ቀን በዳቦ ቀምሳ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰች፤ በማግሥቱ ግን ራሷ ጠየቀችኝ።

በትምህርቱ አልተቸገርሁም። መብራት በጠፋ ቁጥር በሻማ በእጅ ያሰላሁት ሁሉ ጠቀመኝ፤ ሌሎቹ ኮምፒዩተራቸውን እስኪከፍቱ እኔ ወረቀት ላይ ጨርሼ እጠብቃቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። በመጨረሻው ሳምንት ስለ ደኅንነት ሲያስተምሩን አንድ ደንብ ነገሩን፦ በመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ታላቅና ታናሽ የለም፤ አንድ ነገር ያሠጋው ሰው ማንም ይሁን ማን «ይቁም» ይላል፤ ሁሉም ያቆማል። ከተማርነው ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው ብዬ ገጹን ገለበጥሁ።

ፕራግ፣ ኅዳር

ከቪየና ፕራግ በባቡር ግማሽ ቀን አይሞላም። መስኮቱ ዳር ተቀምጬ የታረሰ ማሳ እያየሁ ሄድሁ፤ አፈሩ ጥቁር ነው፤ አባቴ ቢያዩት ወርደው ይዘግኑት ነበር። ስንደርስ ጾመ ነቢያት ገብቷል። የተማሪዎች ምግብ ቤት ውስጥ ሥጋና ቅቤ ያልነካው የተቀቀለ ድንችና ጎመን ብቻ ሆነ። ጉና ሥር ለተወለደ ሰው ድንች ቅጣት አይደለም። ከጥቂት ቀን በኋላ አስተናጋጇ ገና ከበር ስታየኝ ድንቹን ታነሣልኝ ጀመር፤ ቋንቋ ሳንግባባ ወዳጅ ሆንን።

ሬአክተሩ መብራት የሚያመነጭ ትልቁ ዓይነት ሳይሆን ለማስተማሪያ የተሠራ ትንሽ ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። ምላሹን የሚገቱ የብረት ዘንጎች አሉት፤ ዘንጎቹ ሲገቡ ይጠፋል፣ ቀስ ተብለው ሲነሡ ይነሣል። ዘንግ የሚያነሣውን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫንሁ። ስንት ጊዜ በጠመኔ የሳልሁት ነገር ከእጄ ሥር እየሠራ ነበር። ደስታዬን የምነግረው ዘመድ አጠገቤ ባለመኖሩ ተናደድሁ።

አሠልጣኛችን ፕሮፌሰር ካሬል የአባቴ እኩያ፣ ጺማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ወደ እኛ በመጡ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ «ተቀመጪ» ማለት ሰለቻቸው።

የፈተናው ዕለት ቁልፉ ፊት እኔ ተቀመጥሁ። ዘንግ ከመነሣቱ በፊት ሁለት የጨረር ቆጣሪዎች መሥራት አለባቸው። አንደኛው ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ዜሮ ላይ ቆሟል። አየሁት። ቀና ብዬ ፕሮፌሰሩን ተመለከትሁ፤ እሳቸውም ሰሌዳውን እያዩ «ቀጥዪ» አሉ። እሳቸው እያዩት እኔ ምን አውቄ ነው አልሁ በልቤ። ተጫንሁ። ማሽኑ ግን እንቢ አለ፤ ቀይ መብራት በራ፣ ዘንጉ ካለበት አልተነቃነቀም።

«ቆጣሪው መጥፋቱን አይተሽ ነበር?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ያወቁ መስሎኝ።»

«አውቄያለሁ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ» አሉና ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ቁጣ የለባቸውም። «ማሽኑ አስቆመኝ፤ አንቺ ግን አላስቆምሽኝም። ማሽኑም የሚበላሽበት ቀን አለ። ያን ቀን አጠገቤ እንዲሆን የምፈልገው ያየውን የሚናገር ሰው ነው።»

ምን ብዬ ላስረዳቸው? በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ገበያ ስንሄድ ጉም ወርዶ መንገድ ሳቱ። የሳቱበትን አውቄዋለሁ፤ ግን አባትን «ተሳስተዋል» ማለት የለም፤ ዝም ብዬ ተከተልሁ። ገደል አፋፍ ደርሰው ራሳቸው አወቁት። ያን ቀን ማታ፣ «ይቺ ልጅ ጨዋ ናት፣ ስስት እያየች ቃል አልመለሰችልኝም» ብለው ለጎረቤት አወሩልኝ። ያደግሁት ይህን ስመረቅበት ነው። ፕራግ ላይ የጣለኝም ይኸው ጨዋነቴ ሆነ።

አልፈሻል ሳይሆን ወድቀሻል ተባልሁ። ሉብሊያና ላይ አንድ ጊዜ እንድሞክር ፈቀዱልኝ፤ እዚያ ከወደቅሁ ምርምሩ የለም። መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስሁና ለብርቱካን ደወልሁ። ሁሉን ነገርኋት።

«እኔስ አረብ አገር ‹እሺ እመቤቴ› ስል ኖሬ ያተረፍሁት የጀርባ በሽታ ነው» አለች። «አንቺ ደግሞ ተማርሁ ብለሽ ያንኑ ልትደግሚው ነው? ሽማግሌው ገደል ሲገቡ ቆመሽ ማየት ነው እንዴ ማክበር?»

«አፌ አልከፈት አለ እታለም።»

«ክፈቺዋ! ተለማመጂው። ምጥ መስሎሻል?»

ተለማመድሁት። ፕራግም አብራኝ የመጣችው አግነስ ጋቢዬን ትከናነብና ሽማግሌ ትሆናለች፤ ወንበር ላይ ተኮፍሳ «ቀጥዪ!» ትለኛለች፤ እኔ «ይቁም!» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ሣቅ ይቀድመኛል፤ ከሣቁ በኋላ ድምፄ ይጠፋል። አንድ ቀን ጋቢው ውስጥ ያለችው አግነስ መሆኗን ረስቼ ዓይኔን ወደ መሬት ሰበርሁ። እሷም ወንበሩ ላይ ቆማ ጮኸችብኝ። በየማታው ሠራነው። አይሆንልኝም የሚለው ነገር ደሜን ያፈላው ነበር፤ ከዚህ በፊት ያልሆነልኝ ነገር ሁሉ ተደጋግሞ ሆኖልኛል።

ሉብሊያና፣ ጥር

ሉብሊያና ትንሽ ከተማ ናት፤ በመካከሏ ወንዝ ያልፋል፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛባታል። ብርዱ የጉናን ብርድ አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ እዚህ ቤቱ መሞቁ ነው። የጥምቀት ዕለት ከትምህርት ስወጣ ወንዙ ዳር ቆሜ ለብቻዬ እልል አልሁ። ውሻውን የሚያንሸራሽር አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አለኝ።

እዚህ ያለው ሬአክተር ሲሠራ ውሃው ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ከላይ ከመተላለፊያው ሆኜ ቁልቁል ሳየው አማተብሁ። በመጽሐፍ ያነበብሁት ነገር ነው፤ ምክንያቱን በቀመር ላስረዳችሁ እችላለሁ፤ ቢሆንም አማተብሁ።

የምታሠለጥነን ፕሮፌሰር ሚሌና ትባላለች ልበል ወይስ ይባላሉ? እሳቸው «አንቺ በዪኝ» ይሉኛል፤ እኔ አልችልም። ጡረታ የደረሱ፣ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። ለውዝ ውስጡ የተጠቀለለበት ዳቦ ከቤታቸው ያመጡልኝ ነበር፤ ዓርብና ረቡዕ እንደምጾም ከነገርኋቸው ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ማምጣት ጀመሩ። ይህ ደግነታቸው ነበር የሚያስፈራኝ። የተቆጣሽን ሰው ማስቆም ይቻላል፤ ያጎረሰሽን ሰው ግን በምን አፍሽ?

ፈተናው ደረሰ። የሚታዘቡ ሁለት መምህራን ከሌላ አገር መጥተው ከኋላችን ተቀምጠዋል። ሁሉን አንድ በአንድ አጣራሁ፤ ሁሉም ደኅና ነው። ሬአክተሩን አስነሣሁት። ወደ ሁለተኛው ደረጃ ከፍ ልናደርገው ስንል የውሃው ሙቀት የሚታይበት ቁጥር ድንገት ዘለለ። ጥቂት ነው የዘለለው። ምናልባት ምንም አይደለም። ሚሌና በዝግታ «ጨምሪ» አሉኝ።

ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ይቁም!» አልሁ። የተለማመድሁት ከአግነስ ጋር ስለነበር ከሚያስፈልገው በላይ ጮኽሁ።

«ጨምሪ ነው ያልሁሽ» አሉ።

«አልጨምርም። የሙቀቱ ቁጥር ልክ አይመስለኝም። ዘንጎቹን አስገባለሁ» አልሁና ማጥፊያውን ተጫንሁ። ዘንጎቹ ወረዱ፤ ሰማያዊው ብርሃን ጠፋ።

ጠዋቱን ሙሉ ሲፈልጉ ቆዩ። መጨረሻ ላይ የተገኘው ነገር አሳፈረኝ። ውሃው አልሞቀም። አንድ ቴክኒሽያን ከጎናችን ያለውን ክፍል ሲያስተካክል የሙቀት መለኪያውን ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው አዙሮት ነው፤ ቁጥሩ የዘለለው በዚያ ነው። ምንም አደጋ አልነበረም። ሁለቱን እንግዶች አስጠብቄ፣ ሬአክተር አጥፍቼ፣ በከንቱ ነው የጮኽሁት። ሁለተኛም ወደቅሁ ብዬ ሻንጣዬን በዓይነ ኅሊናዬ ማዘጋጀት ጀመርሁ።

ሚሌና መጥተው እጄን ጨበጡ። «አመሰግናለሁ» አሉኝ።

«ተሳስቼ እኮ ነው።»

«ተሳስተሻል። ዛሬ ምንም ወጥመድ አላዘጋጀሁልሽም ነበር፤ ትልቁ ፍርሃቴ ማስቆም መቻልሽ ሳይፈተን ታልፊያለሽ የሚል ነበር።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እርግጠኛ ስትሆኚ ብቻ የምትናገሪ ከሆነ፣ አንድ ቀን በዝምታሽ ሰው ይሞታል። በከንቱ ያስቆመ ሰው እዚህ አያፍርም። የባከነውን ሰዓት እኔ እከፍላለሁ።»

አለፍሁ። የምርምሩን ቦታም አገኘሁ፤ መስከረም ላይ እመለሳለሁ። ብርቱካን በስልክ እልልታዋን ስታቀልጠው ሱቋ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች ምን ሆነ ብለው ሲጠይቋት ይሰማኛል።

የጥር መጨረሻ፣ ገሳይ

ባሕር ዳር ላይ ብርቱካን ተቀበለችኝ። ሻንጣዋን ዙሪያውን ገልብጣ አየችና፣ «ጎማውን ሰብረሽ አመጣሽልኝ?» አለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ያቀፈችኝ። ፎገራ ላይ ሩዙ ታጭዷል። ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ ተቀበለን። ደብረ ታቦር ላይ ሳናድር ሌላ መኪና ይዘን ወደ ገሳይ ቀጠልን፤ እዚያ ደርሰን ወደ ቤታችን በእግር ወጣን። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ አውድማው ባዶ ነው።

ቤቱ ሞልቷል። እናቴ፣ አባቴ፣ ወንድሜና ሚስቱ፣ የእነሱ ሁለት ሕፃናት፣ ጎረቤት። የክብር ቦታው ላይ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ ተቀምጠዋል። አባቴ ለአያ ታከለ ቃል መልሰው አያውቁም። ሲገቡ ይነሣሉ፣ ሲናገሩ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ በሬ ሲሸጡም ሆነ ልጅ ሲድሩ ያለ እሳቸው ፈቃድ የሆነ ነገር የለም።

በላን፣ ጠላ ተጠጣ፣ ተመረቅሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ወንድሜ ሕፃናቱን ከጓዳው በር አጠገብ መደብ ላይ አስተኛቸው። ልብሳቸውን ላስተካክል ጎንበስ ስል አንድ ሽታ አፍንጫዬን ነካኝ። ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። እናቴን ጠየቅሁ፤ ነጭ ሽንኩርት አልነካችም። የጓዳውን በር ከፈት ባደርገው የገብሱ ከረጢቶች ተደርድረዋል።

«እህሉ ውስጥ ምን አለ እማዬ?»

«የነቀዝ ክኒን ነዋ። አያ ታከለ ናቸው ለራሳቸውም ለእኛም ገዝተው ያከፋፈሉን። ዛሬ ጠዋት ነው አባትሽ የከተቱት።»

ክኒኑ እህል ውስጥ ሆኖ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ነቀዝ ብቻ መርጦ አይገድልም። ይህን ያህል አውቃለሁ። ግን ኬሚስት አይደለሁም። ስንት ክኒን እንደተከተተ፣ ስንቱ ጋዝ እንደወጣ አላውቅም። ምናልባት ሽታው ከሌላ ነገር ነው። የመጣሁት ዛሬ፣ የተመረቅሁት አሁን፤ ክኒኑን የገዙት ደግሞ እዚያ ላይ የተቀመጡት ናቸው። እናቴ ዓይኔን አይታ እጄን ያዘች፤ «ነገ ይሻላል» ማለቷ ነው።

«ይቁም!» አልሁ።

«ምኑ?» አሉ አባቴ።

«ማንም እዚህ ቤት አይተኛም። ሕፃናቱን አውጡ። ከረጢቱም ይውጣ። ይህ ክኒን ሰው ይገድላል አባዬ።»

አያ ታከለ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «እኔ የገዛሁት?» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ።

አባቴ ፊታቸው ጠቆረ። «ስመኝ! በአጎትሽ ፊት ነው?»

«በፊታቸው ነው አባዬ። ልሳሳት እችላለሁ። ከተሳሳትሁ ነገ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ ግን ሕፃናቱ እዚህ አያድሩም።» መልስ ሳልጠብቅ አንዷን አንሥቼ ወጣሁ። ብርቱካን ሌላውን ታቅፋ ተከተለችኝ፤ በዚያ ቤት ከእኔ ጋር የተነሣች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ውጭ ሕፃኗን በነጠላዬ ሸፈንኋት። ማልቀስ አማረኝ፤ አላለቀስሁም።

አያ ታከለ ዱላቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አባቴ ከወንድሜ ጋር ሆነው ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ወደ ደጅ አወጡ፤ በሩንና መስኮቱን ከፍተው ተዉት። ሁላችንም ለብቻው ባለው ማዕድ ቤት ውስጥ ተጠጋግተን አደርን። እናቴ አጠገቤ ተኝታ፣ «አሳፈርሽን» አለችኝ፤ ቆይታ ደግሞ ጋቢዋን አለበሰችኝ።

ሲነጋ ተነሣሁ። አባቴ የተኙበት ቦታ ባዶ ነው። ተቀይመው ወጡ ብዬ ልቤ ወደቀ። ወደ ደጅ ብቅ ስል ሣሩ ላይ ውርጭ ወርዷል፤ ከቁልቁለቱ ማዶ ከአያ ታከለ ግቢ የሰው ድምፅ ይሰማል። የበር ድብደባ ነው። ከዚያም አባቴ፣ በሕይወታቸው ለታላቅ ወንድማቸው ቃል መልሰው የማያውቁት አባቴ፣ አገር እስኪሰማ ይጮኻሉ፦

«አይሆንም ብያለሁ አያ! ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝ፤ እህሉን ከቤት ሳያወጡ ከዚህ በር አልነቃነቅም!»